ድመት ተከሰሰች፤ ጥፋቱ ግን የማን ነው?

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ የለም። ሰሙ ድመት፣ ወርቁ ግን ሰው መሆኑን ቅኔ ቤት ያልገባ እንኳ ይረዳዋል፤ ልብሱን ለውጦ ልቡን ያልለወጠውን ሰው ለመንቀፍ የተነገረ ነውና። ዳሩ ግን ብዙ ሰዎች ወርቁን ጥለው ሰሙን ብቻ ይዘው ቀሩ። ከዚህም የተነሣ ድመት በየቤቱ ሳትጠየቅ የተፈረደባት፣ ምስክር ሳይቆምባት ሌባ የተባለች ፍጥረት ሆነች።

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ቢሆን በሊሙ ገነትም ቢሆን፣ ይህ ክስ በየማለዳው ይሰማል። ወጡ ጐደለ፤ ድመት ናት። ቋንጣው ከተሰቀለበት ወረደ፤ ድመት ናት። ሲኒው ተሰበረ፤ ድመት ናት። ከሳሹ የቤቱ ጌታ ነው፤ ዳኛውም እርሱ ነው፤ ፍርዱን በዱላ የሚፈጽመውም እርሱ ነው። ከሳሽና ዳኛ አንድ በሆኑበት ሸንጎ እውነት እንደማይገኝ ሕግ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ይህ ክስ እንደ ገና መመርመር ይገባዋል።

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ይታሰብ። የቤቱ ጌታ ፊደል የቈጠረ፣ ደብር የሚሳለም፣ ጥቂት የቡና መሬትም ያለው የጅማ ሰው ነው። ጓዳውን አይጥ ቢያስቸግረው ከገበያ አንዲት የድመት ግልገል አስመጣ፤ ልጆቹም ውሮ ብለው ጠሯት። ውሮ አደገች፤ አይጡም ከጓዳው ጠፋ። አይጡ ሲጠፋ ግን ውሮ ለምን እንደ መጣች ተረሳ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ወተቱም ሥጋውም ከቤቱ ወጣ። ለውሮ የሚጣልላት በሽሮ የራሰ እንጀራ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ውሮ አጥር ዘልላ ከሙስሊም ጎረቤት ማጀት ገባች፤ ሥጋም ነጥቃ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት በቡና ሰዓት ረከቦቱ ላይ ዘልላ ሁለት ሲኒ ሰበረች። የቤቱ ጌታ ዱላ አነሣ፤ ሠራተኛይቱንም «ጆንያ አምጪ፤ ከቡናው ጫካ ወስደሽ ጣያት» አላት። ሥጋው የተወሰደባት አሮጊት ጎረቤት ጩኸቱን ሰምታ ወደ ደጁ መጣች።

«ተዋት፣ ልጄ፤ ሥጋው የእኔ ነው፤ እኔ ይቅር ብያታለሁ» አለችው።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅር ቢሏትም ሌብነቷን አትተውም። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባል የለም?» አላት።

«እሷ መቼ መነኰሰች፣ ልጄ? የምትጾመው አንተ ነህ እንጂ» አለችው።

የቤቱ ጌታ መልስ አላገኘም። ለዚህ ክስ የሚጻፈው መልስ ሁሉ ከአሮጊቷ ቃል የሚበልጥ አይሆንም፤ የቀረው ቃሏን መዘርዘር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክስ ሌብነት ነው። ይህን ለመፍረድ አስቀድሞ ድመት ከሰው ጋር በምን ውል እንደ ገባች ማወቅ ያስፈልጋል። በሬ በቀንበር፣ ፈረስ በልጓም፣ ውሻም በአደን ከሰው ጋር ተዛምደዋል። ድመት ግን ተይዛ የመጣች አትመስልም። ሰው በምሥራቅ ምድር እህል ዘርቶ በጐተራ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ እህሉን ተከትሎ መጣ፤ የዱር ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። ይህ ከሆነ 10,000 ዓመት ያህል ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታ ነገሩ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተነግሯል። ውሉ እንግዲህ ግልጥ ነው፤ እርሷ አይጥ ትይዛለች፤ ሰው ደግሞ ከአጠገቡ እንድትኖር ይፈቅዳል። ውሮ የውሏን ፈጽማለች፤ አይጡን ጨርሳለች። አይጡ ካለቀ በኋላ የሚበቃትን መስጠት የቤቱ ጌታ ዕዳ ነበር፤ ውል ያፈረሰው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የሚበቃትስ ምንድን ነው? ሰው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠል ተመግቦ ለመኖር ይችላል፤ ውሻም ከጌታው ፍርፋሪ ጋር ይስማማል። ድመት ግን እንደ አንበሳና እንደ ነብር የሥጋ እንስሳ ናት፤ ፈጣሪዋ ሆዷን የሠራው ለሥጋ ነው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በሥጋና በዓሣ ውስጥ ይገኛል፤ በእንጀራና በሽሮ ውስጥ ግን የለም። የሰው አካል ይህን ከሌላ ምግብ ለራሱ ያዘጋጃል፤ የድመት አካል ግን የሚበቃትን ያህል ሊያዘጋጅላት አይችልም። ይህን ያጣች ድመት ቀስ በቀስ የዓይኗ ብርሃን ይጠፋል፤ ልቧም ይደክማል። የልቡን ነገር የአሜሪካ ሐኪሞች በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አረጋግጠውታል። እንግዲህ በሽሮ የራሰ እንጀራ ለድመት ጾም አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ዕውርነት ነው። ውሮ አጥር የዘለለችው ክፉ ዐመል ገፍቷት ሳይሆን የጎደላትን አካሏ ስለሚያውቅ ነው።

የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀኖች ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾም ለሰው የታዘዘው በፈቃዱ እንዲጾመውና ከበደሉ እንዲመለስበት ነው። ድመት በደል የለባትም፤ ንስሓ አትገባም፤ ፈቃዷንም የጠየቀ የለም። በማይጾም ፍጥረት ላይ ጾም የሚጭን ሰው የሌላውን ርኃብ ለራሱ ጽድቅ ቈጠረ እንጂ በጾሙ ላይ አንዳች አልጨመረም። «በጾም ወራት ሥጋ መንካት ይከብዳል» የሚል ቢኖር፣ ላም የሚያልበው ጾመኛ ወተቱን በመንካቱ ጾሙን እንዳልሻረ ያስብ። ደግሞም በጅማ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በጾም ቢዘጋ የሙስሊም ሥጋ ቤት አይዘጋም። አንዲት ድመት የምትፈልገው አንድ እፍኝ የሚያህል ሳንባ ወይም ጣፊያ ነው፤ ይህም ሰው የሚጥለው ነው። ሙስሊም ጎረቤቶች፣ በኦሮምኛ አዱሬ የሚሏትን ይህችን እንስሳ በማክበር ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ። ከነቢያቸው ባልደረቦች አንዱ ድመት በመውደዱ አቡ ሁረይራ፣ ማለት የግልገሏ ድመት አባት፣ ተብሎ መጠራቱን ያውቃሉና። በመልካም ነገር ከጎረቤት መማር ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ክስ ድመት ዕቃ ታጠፋለች የሚለው ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በ1420 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገደማ፣ በዛሬይቱ ሆላንድ በደቬንተር ከተማ፣ አንድ ጸሓፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ በሌሊት ድመት መጥታ ገጹ ላይ ሸናችበት። ጸሓፊውም የገጹን ቀሪ ባዶውን ተወው፤ የድመት ሥዕል ሣለበት፤ ድመቲቱንም ረገማት። ከእርግማኑ በኋላ ግን ድመት በምትደርስበት ስፍራ መጽሐፍን በሌሊት ገልጦ መተው እንደማይገባ አስጠነቀቀ። በብራና ላይ የደከመ ሰው ሁሉ የዚያ ጸሓፊ ቍጣ ይገባዋል። ነገር ግን ልብ ይባል፤ እርግማኑ ወደ ድመቲቱ ሄደ፤ ምክሩ ግን ወደ ራሱ ተመለሰ። መጽሐፉን ገልጦ የተኛው ማን ነበረ?

የቤት ዕቃም ነገር እንደዚሁ ነው። ድመት አዳኝ ናት፤ ጨዋታዋም የአደን ልምምድ ነው። ቀኑን ተኝታ ታሳልፋለች፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ግን ደሟ ይነቃል። የምታድነው አይጥ ባይኖር የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ታድናለች፤ የፈተሉን ክር፣ የመጋረጃውን ዘርፍ፣ ረከቦቱ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ። ጥፍሯን በእንጨትና በምንጣፍ ላይ የምትሞርደው አሮጌው የጥፍሯ ሽፋን እንዲወልቅና የራሷን ምልክት እንድትተው ነው። በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ አንድ ግንድ በጥግ የቆመላት ድመት ምንጣፉን ትተዋለች። ክር የታሰረበት ላባ ይዘው ማታ ማታ ልጆች የሚያጫውቷት ድመት ሌሊት ቤቱን አታምስም። መሶብ ክዳን የተሰፋለት፣ ድስትም መክደኛ የተበጀለት ለጌጥ አይደለም። ሥጋውን ሳይከድን ተኝቶ ማለዳ ዱላ የሚያነሣ ሰው በድመቷ የሚቀጣው የራሱን ስንፍና ነው። አይጥ ቆዳ ነው ብሎ ብራና በሚበላበት የደብር ዕቃ ቤት ደግሞ፣ ድመት ሰብራ የምታጠፋው ጠብቃ ከምታድነው ጋር ቢመዘን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለዕቃ ቤት ጠባቂዎች የተሰወረ አይደለም።

ሦስተኛው ክስ ከሁለቱ ይከብዳል፤ ይኸውም ድመት በሽታ ታመጣለች የሚለው ነው። ይህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ቶክሶፕላስማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ በእንቍላል መልክ የሚወጣው ዘሩ የሚፈጠረው በድመት ወገን አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዓይነ ምድሯም ጋር ወደ መሬት ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ሴትን በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢይዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። በጅማ ከተማ በ201 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገና በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ከመቶ 83.6 በሚሆኑት ደም ውስጥ የዚህን ተሕዋስ ምልክት አግኝቷል። ምልክቱ ሰው አንድ ጊዜ መያዙን የሚያስረዳ ነው እንጂ ዛሬ ታሟል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በቤታቸው ድመት ያለባቸው ሴቶች ይበልጥ ተይዘው መገኘታቸው እውነት ነው። ከሳሾችም ይህን ሲሰሙ «ፍርዱ አለቀ፤ ድመት ትውጣ» ይላሉ።

ፍርዱ ግን አላለቀም። ድመቷ ይህን ተሕዋስ ከወዴት አመጣችው? ከአይጥና ከጥሬ ሥጋ ነው። በዓል በመጣ ቍጥር የሚጣልላትን ጥሬ ሥጋ የቀቀለላት ማን ነው? ደግሞም አንዲት ድመት የዚህን ተሕዋስ ዘር የምታወጣው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ የወጣውም ሰውን ለመያዝ የሚችለው ከአንድ እስከ አምስት ቀን በመሬት ከቆየ በኋላ ነው። እንግዲህ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ የሚያነሣና የሚቀብር ቤት የበሽታውን መንገድ በአካፋ ዘጋው ማለት ነው። ነፍሰ ጡሯ ይህን ሥራ አትሥራ፤ ሌላው የቤት ሰው ይሥራው፤ የአትክልት መሬት የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ጎመንና ሰላጣም በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ከዚህም ሁሉ ጋር ሌላው የታወቀ የበሽታው መንገድ ጥሬ ሥጋ መሆኑ አይዘንጋ። ቍርጥ እየቈረጡ፣ ጥሬ ክትፎ እየጐረሱ ድመትን ከቤት ማባረር በሩን ክፍት ትቶ መስኮቱን መዝጋት ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ድመትን ሊይዝ ይችላል፤ መድኃኒቱም ክትባት ነው። የነከሰችው ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህ ሁሉ የድመት ሥራ አይደለም፤ የጌታዋ ሥራ ነው።

ክሱ እንዲህ ከሆነ ቅጣቱስ? በቡና ከተሞች ሦስት ቅጣቶች ይታወቃሉ፤ ሦስቱም ከበደሉ ይከፋሉ።

አንደኛው መርዝ ነው። ድመቷን ያባረረ ቤት አይጡ ሲመለስበት መርዝ ይገዛል፤ ድመት ያለው ጎረቤትም በዚያው ይጎዳል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ አይጡን ወዲያው አይገድለውም፤ በጉበቱ ተጠራቅሞ ቀናት ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሚንገዳገደውን አይጥ የያዘች ድመት መርዙን ከአይጡ ጋር ትበላለች። መርዙም በሕፃናት እጅ ሊገባ እንደሚችል ወላጅ የሆነ ሁሉ ያስብ። ድመት ሲኒ ብትሰብር ሲኒ ይገዛል።

ሁለተኛው ጆንያ ነው። ድመቷን ወይም ግልገሎቿን በጆንያ ከትቶ በቡና ጫካ መጣል እንደ ምሕረት ይቈጠራል፤ «አልገደልኋትም፤ ለቀቅኋት» ይባላል። በጫካ የተጣለች ድመት ወይ የጅብ እራት ትሆናለች፣ ወይ ወፍ አዳኝ ሆና ትቀራለች። በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማው የጅማ ቡና ደግሞ የብዙ ወፎች ቤት ነው። በጃማይካ የቡና ማሳዎች የተደረገና በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ወፎች የቡናን ፍሬ የሚበሳውን ጥንዚዛ እየበሉ ለገበሬው ትርፍ እንደሚያስገኙ አሳይቷል። ጆንያውን የፈታ ባለቡና እንግዲህ የራሱን ማሳ ጠባቂዎች ያስበላል። ግልገል የበዛበት ሰው ድመቲቱን በእንስሳት ሐኪም ማምከን አለለት፤ ድመት ከሁለት ወር ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ፀንሳ ትወልዳለችና ጆንያ አይበቃትም። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በራሱ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ማሰር ነው። «በገመድ ትታሰር፣ ዐመሏን ትማራለች» የሚሉ አሉ። ማሰር ዐመል የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ የጅማና የሊሙ ጥርኝ ከሁሉ የተማረ እንስሳ በሆነ ነበር። ጥርኝ በወገኑ ድመት ባይሆንም በመልኩ ይመስላታል። ከጊቤ መንግሥታት ዘመን ጀምሮ ዝባዱ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ጋር በሲራራ ነጋዴ ተጭኖ የሄደ፣ በቀንድም ተሞልቶ እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች የደረሰ ነው። ለዚህም ሲባል ጥርኙ መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት አጥር ውስጥ ይኖራል፤ ዝባዱም በየጊዜው ከአካሉ ይፋቃል። እስከ ዛሬ ጥርኝ በእስራቱ ለመደ፣ ጌታውን ወደደ የሚል ሰው አልተሰማም። እስራት የሚያስተምረው ፍርሃትን ብቻ ነው፤ የፈራ እንስሳም ይቧጭራል፤ ሲቧጭርም «አላልሁም?» ይባላል።

አሁን የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ሊባል አይገባውም። «ሰው በተራበበት አገር ስለ ድመት ሆድ መጨነቅ የጥጋብ ነገር ነው» የሚሉ ይኖራሉ። የእነዚህ ሰዎች ቃል ከልብ ቢሆን መልካም በሆነ ነበር። ነገር ግን ድመቷን ያስራበው ቤት ከእርሷ ያስቀረውን ሳንባ ለድኻ ሲሰጥ አልታየም፤ ጣለው እንጂ። ርኅራኄ እንደ ጐተራ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል አይደለም።

ከዚህም በላይ የድመት ነገር ሰም ነውና ወርቁ ይፈለግ። በጅማም ሆነ በሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ቤቶች ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን በሠራተኝነት ያኖራሉ። ልጅቷ ማለዳ ተነሥታ እሳት ታነዳለች፤ ቡና ትቈላለች፤ ወጥ ትሠራለች፤ ማዕድ ታቀርባለች፤ ራሷ ግን የሚተርፈውን ትጠብቃለች። የተረፈ ከሌለ ጾሟን ታድራለች። ሥጋ ሲጐድል ከድመት ቀጥሎ የሚጠራው ስም የእርሷ ነው። ሲኒ ቢሰበር ከደመወዟ ይቈረጣል። ታማ ብትተኛ «ዐመሏ ነው» ትባላለች፤ ብታለቅስም «ዐመሏ ነው» ትባላለች። ስትባረርም እንደ ውሮ ጆንያ ባይዙላት፣ ከነፌስታሏ በአውቶቡስ ተራ ትቀራለች። ቤቱን ያጸዳችለትን አስርቦ ሌባ ማለት በድመት የተለመደ ጌታ በሰውም ይለምደዋል፤ ምላሱ አንድ፣ ዱላውም አንድ ነውና። ዐመሉን የማይረሳው መነኵሴ እንግዲህ ማን እንደ ሆነ ተረቱ ራሱ ይናገራል። ጾሙን የሚቈጥር፣ ከደብሩ የማይለይ፣ ነጠላውን አጣፍቶ የሚቆም ሰው ከማጀቱ ግፉን ካላወጣ፣ የመነኰሰው ልብሱ ነው እንጂ ዐመሉ አልመነኰሰም።

ስለዚህ ድመት ያለው ቤት የሚከተለውን ያድርግ። የበሰለ ሥጋ በልኩ ይስጣት፤ በጾም ወራትም አያስቀርባት። ድስቱን ይክደን፤ ሲኒውን ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ጥፍር መሞረጃ ግንድ ያቁምላት። ዓይነ ምድሯን በየቀኑ ያስነሣ፤ ያስከትባት፤ ያስመክናት። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሰው ድመት አያምጣ፤ ያመጣ ግን አይክሰሳት። ጥፋት በጓዳው በተገኘ ጊዜ ደግሞ ዱላ ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ በልታለች ወይ? ተከድኗል ወይ? ጠባቂው ማን ነበረ? እነዚህን ጥያቄዎች በድመቷ ላይ የለመደ ሰው በሠራተኛይቱም ላይ መጠየቁ አይቀርም።

በደጁ የቆመችው ልጅ ጆንያውን እንደ ያዘች ናት፤ የጌታዋን ቃል ትጠብቃለች። ጆንያ የተሠራው ለቡና ነው፤ ወደ ቡናው ይመለስ።